አገርን ከላይ ማየት፦ በሄሊኮፕተር ወይስ በትንሽ አይሮፕላን?

በውጭ አገር የምንማር ኢትዮጵያውያን ከውጭ ጓደኞቻችንና ከመምህራኖቻችን በየጊዜው የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ላሊበላን፣ ስሜንንና አፋርን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሄሊኮፕተር ቢከራይ ይሻለዋል ወይስ ትንሽ አይሮፕላን? አሁን አሁን ጥያቄው የራሳችንም ሆኗል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ቀጥሎም በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የመኪና መንገድን አስጊ ስላደረገው፣ ገንዘብ ያለው ወገን «በላይ በላይ አልፈዋለሁ» ቢል አይፈረድበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጉዳዩ የሀብታም ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እንግዳው የት እንደሚያርፍ፣ ማንን እንደሚያገኝና ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ የሚወስነው መጓጓዣው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ ይህ ነው፤ ለጉብኝት ትንሹ አይሮፕላን ይመረጥ፤ ሄሊኮፕተሩ ለሕመምተኛና ለአደጋ ይቆይ።

በመጀመሪያ ግን መብረሩ ራሱ የግድ መሆኑን መጠየቅ ይገባል። እዚህ ኤደን፣ ክሬተር የሚባለው ሰፈር የተቆረቆረው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ይህን ለመረዳት መብረር አያስፈልግም፤ ወደ ሲራ ምሽግ በእግሩ የወጣ ሰው ሰፈሩን ተራሮች ከበውት ያየዋል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም እንደዚሁ ነው። ከአለቱ ወደ ታች ከ10 ሜትር በላይ ተፈልፍሎ የተሠራ በመሆኑ፣ በአፋፉ ላይ የቆመ ምእመን ሁሉ የጣራውን መስቀል ከላይ ሆኖ ያየዋል። በስሜንም እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ የቆመ ተጓዥ አሞራ ከእግሩ በታች ሲያንዣብብ ይመለከታል። ለእነዚህ ቦታዎች የሄሊኮፕተር ጩኸት የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ መኖሪያ የለውም፤ ስሜን በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ፓርክ ነው። እንስሳውን ከገደሉ የሚያስበረግግ ጉብኝት ጉብኝት አይባልም።

በእርግጥ ከአየር ካልሆነ በሙሉ የማይታይ ነገርም አለ። በደቡብ ጎንደር፣ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያጠኗቸው የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በታረሰ ማሳ መካከል እንደ አረንጓዴ ክብ ሆነው የሚታዩት ከላይ ነው። በአፋር በ2005 ምድር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት የተሰነጠቀበትን ስፍራ በእግር ሄዶ በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ቀይ ባሕርና የእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚገናኙት እዚያው አፋር ላይ ነው። በኅዳር 2025 ሃይሊ ጉቢ የተባለው የአፋር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ኦማን መምጣቱ ይታወሳል። ይህን የመሰለውን አገር ከአየር ለማየት የሚመኝ ተማሪ ምኞቱ ተገቢ ነው።

እንግዲህ በምን ይሂድ? ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ቆሞ ማሳየት ይችላል፤ ማኮብኮቢያ ሳይፈልግ ያርፋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በአየር ላይ መቆም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። አየሩ ሲሳሳ የሄሊኮፕተሩ ክንፍ የማንሣት ኃይሉ፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የላሊበላ ከተማ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ስለዚህ በእኛ ደጋ ሄሊኮፕተሩ ሰውም ነዳጅም ቀንሶ መነሣት ይኖርበታል፤ ዋጋውም በጥቂት ሰው ላይ ይወድቃል።

እንደ ሴስና ካራቫን ያለው ትንሽ አይሮፕላን ደግሞ ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለ ሆነ ወደ ታች ማየትን አይከለክልም። ብዙ ሰው ወጪውን ይካፈላል፤ በአንድ ሙሌት ነዳጅም ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በአፈር ሜዳ ላይ ያርፋል። ጉድለቱ መቆም አለመቻሉ ነው። እንደ ዓባይ ሸለቆ ባለ ጥልቅ ገደል ውስጥ ዝቅ ብሎ የገባ አብራሪ ለመዞር ስፋት ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም ከአፋፉ በላይ ሆኖ የሚያሳየው አብራሪ እንጂ «ዝቅ ብዬ ላሳያችሁ» የሚለው አይመረጥም።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ ማሽኑ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን መታወቅ አለበት። በሰኔ 1986 በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ላይ ጎብኚዎችን የያዘ ትዊን ኦተር አይሮፕላንና ሌላ የጉብኝት ሄሊኮፕተር ተጋጭተው 25 ሰዎች አልቀዋል። ሁለቱም ያንኑ ገደል ለማሳየት በአንድ ሰማይ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የአገሩ ምክር ቤት በረራውን የሚገድብ ሕግ አወጣ። በመጋቢት 2018 በኒው ዮርክ፣ በሩን ከፍቶ ፎቶግራፍ የሚያስነሣ ሄሊኮፕተር ወንዝ ላይ ሲወድቅ፣ አብራሪው ሲተርፍ አምስቱ ተሳፋሪዎች ከታሰሩበት ቀበቶ መውጣት አቅቷቸው ሰጥመዋል። ስለዚህ ማንም ተሳፋሪ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ «አየሩ ከከፋ በረራው ቀርቶ ገንዘቤ ይመለሳል?» የማይመልስ ኩባንያ አብራሪውን ወደ ደመና የሚገፋ ኩባንያ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊመዘን የሚገባው ግን ጎብኚው ከሄደ በኋላ ለአገሬው የሚቀረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሲ-3 አይሮፕላኖቹ ወደ ጂንካ፣ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ተፈሪ ይበር በነበረበት ዘመን የሣር ሜዳዎቹ ቡናና መንገደኛ ያመላልሱ ነበር። ትንሽ አይሮፕላን ሜዳ ይጠይቃል፤ ሜዳው ከተሠራ በኋላ ግን የጎብኚው ብቻ አይሆንም፤ መድኃኒት፣ ፖስታና ወላድ ይጠቀሙበታል። ሄሊኮፕተር ምንም አይጠይቅም፤ ስለዚህም ምንም አይተውም። የላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ ርቀት ለሾፌሩ፣ ለአስጎብኚው፣ ለእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛና ለበቅሎ ጫኙ እንጀራ ነው። እንግዳው በሆቴሉ ግቢ ወርዶ ከዚያው ከተነሣ ይህ ሁሉ ሰው ተዘለለ ማለት ነው።

«ሄሊኮፕተሩ በጎብኚ ገንዘብ ካልኖረ ለአደጋ ቀን ከየት ይመጣል?» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ክርክሩ ውኃ ያነሣል። በ1985 በረሃቡ ጊዜ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች መኪና በማይደርስበት ደጋ እየገቡ፣ ከብሪታንያና ከምዕራብ ጀርመን የጭነት አይሮፕላኖች እህል የሚጣልበትን ሜዳ ያዘጋጁ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። የማሽኑ ትክክለኛ ሥራ ይህ ነው። እንግዲያው የጉብኝት ፈቃድ ሲሰጥ፣ አደጋ ሲደርስ ማሽኑ ለነፍስ ማዳን እንዲሰለፍ ግዴታ ይግባ።

ሌላው ነገር ከፍታ የሚሸፍነው ነው። በ1973 ወሎ ስትራብ፣ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚል መፈክር ለዓለም የምትታወቀው ኢትዮጵያ ጎብኚ ትጋብዝ ነበር። ላሊበላ ያለችበት ላስታም የወሎ ምድር ነበረች። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የደረቀ ማሳንና የታጨደ ማሳን አይለይም። የረሃቡን ፎቶግራፍ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያመጡት በምድር ሄደው ያዩት ናቸው። እዚህም ቢሆን በነሐሴ 2025 አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ጀልባ በኤደን ጎረቤት በአብየን ዳርቻ ተገልብጣ ከ60 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ያንኑ ባሕር ከአይሮፕላን መስኮት ያየ ሰው የሚያስታውሰው ሰማያዊነቱን ብቻ ነው።

በመሆኑም ለሚጠይቁን ሁሉ መልሳችን ይህ ይሁን፦

1ኛ/ በእግር ከላይ ሊታይ የሚችለውን በእግር ይዩት።

2ኛ/ መብረር የግድ ሲሆን በትንሽ አይሮፕላን፣ ከአፋፍ በላይ፣ ከፓርክና ከአብያተ ክርስቲያናት ርቀው ይብረሩ።

3ኛ/ ካረፉበት ሳያድሩ፣ የአገሩን ሰው አስጎብኚ ሳይይዙ አይመለሱ።

4ኛ/ የሰላም መታጣቱን በሰማይ ለማለፍ የሚፈልግ ወገን፣ በምድር ያለው ሕዝብ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ እንደሌለው አይርሳ። መንገዱ ለአስጎብኚውና ለበቅሎ ጫኙ ሰላም ሳይሆን ለጎብኚው ብቻ ሰላም ሊሆን አይችልም።