የይፋት ሰደድ እሳት በካናዳ ሒሳብ ይለካል?

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እሳት ከተነሳ በኋላ ሁሉም ይሯሯጣል። ከመነሳቱ በፊት «ዛሬ ክብሪት አትጫሩ» የሚለን ግን ማነው?

ይህን የሚያሰላ መሣሪያ በነፃ አለ። «ግዊስ» የተባለውን ዓለም አቀፍ የሰደድ እሳት ካርታ በስልካችሁ ከፍታችሁ ሸዋ ሮቢትን ብትፈልጉ፣ የቀኑን የአደጋ ደረጃ በቀለም ያሳያችኋል። ከጀርባው ያለው ስሌት የካናዳውያን ነው። የሚፈልገውም አራት ነገር ብቻ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ የተለካ ሙቀት፣ የአየር እርጥበት፣ የንፋስ ፍጥነትና የ24 ሰዓት ዝናብ። ከዚህ ተነስቶ ሣርና ቅጠሉ ምን ያህል እንደደረቀ፣ እሳት ቢነሳ እንዴት እንደሚዛመት ይገምታል።

ታዲያ ቁጥሩን እንዳለ ለይፋት እንውሰደው? እስቲ ቆም እንበል።

አንደኛ፣ «ሲኤፍኤፍዲአርኤስ» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ቦታችሁን ካልነገራችሁት 55 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያላችሁ አድርጎ ይቆጥራል። ሸዋ ሮቢት ያለችው 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። የካናዳ የበጋ ቀን ረጅም ነው፤ የእኛ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑ ሲረዝም የመድረቂያ ጊዜም ስለሚረዝም፣ ይህ ካልተስተካከለ ስሌቱ ይዛባል።

ሁለተኛ፣ ጣርማ በር ላይ ጃኬቱን የቆለፈ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያወልቀዋል። አንዱ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ሌላው 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ። «ኢራ 5» የተባለው የአውሮፓ የአየር ዳታ ግን መሬትን የሚከፍለው 28 ኪሎ ሜትር ያህል ጎን ባላቸው ካሬዎች ነው። ደጋና ቆላ አንድ ካሬ ውስጥ ሲገቡ የቆላው ሙቀት በደጋው ብርድ ይሸፈናል።

ሦስተኛ፣ ስሌቱ የተሠራው ለጥድ ደን ነው። ይፋት ቆላ ላይ የሚነደው ሣር፣ ቁጥቋጦና የማሽላ አገዳ ነው። በስሌቱ ውስጥ የጥልቁን ድርቀት የሚለካው ቁጥር ለውጥ ለማሳየት 52 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ የሣርና የቅጠሉ ግን ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይቀያየራል። ስለዚህ ለይፋት ቀድሞ መታየት ያለበት የሣሩ ቁጥርና ንፋሱ ነው። ትናንት ጠብ ያለች ዝናብ ለዛሬ ዋስትና አይደለችም።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። አገዳ የከብት መኖ ነው፤ ክምሩ ከነደደ ከብቱ እስከ ክረምት ምን ይበላል? ከቆላው በላይ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን አለ።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። «ፈርምስ» የተባለው የናሳ ድረ ገጽ ሳተላይት ያየቻቸውን የእሳት ነጥቦች በነፃ ይሰጣል። እነዚህን ከሸዋ ሮቢት የአየር ጠባይ መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ እሳት በይፋት የሚበረታው ቁጥሩ ስንት ሲደርስ እንደሆነ ያሳያል። ለአንድ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ግን የትኛውም ሶፍትዌር ማን ክብሪት እንደሚጭር አያውቅም። ከሰል የሚያከስለው፣ ማሳ የሚመነጥረው፣ ማር የሚቆርጠው ሰው «ስጋት 38» ቢባል ምንም አይገባውም። «ዛሬ ከሰዓት ንፋስ አለ፣ ምንም ነገር አታቃጥሉ» የሚል አጭር የስልክ መልእክት ግን ይገባዋል። ስሌቱ ዋጋ የሚኖረው እዚያ አረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ነው።