«ጌሚንግ» የሚለው ቃል ስንት ዋት ነው?

ተገጣጥሞ የተዘጋጀ የጨዋታ ኮምፒዩተር፣ በገበያው አጠራር «ጌሚንግ ፒሲ»፣ የሚሸጥ ነጋዴ የእያንዳንዱን ክፍል ሙሉ ስም በደረሰኙ ላይ ጽፎ ካልሰጠ ኮምፒዩተር አልሸጠም፤ የሸጠው ወሬ ነው። ገዥውም ነገሩ በተበላሸበት ቀን የሚያዝንበት እንጂ የሚከራከርበት ማስረጃ አይኖረውም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚህ አንድ ነጥብ ነው። ጉዳዩ የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ ገጹን ሊገለብጥ የተዘጋጀ አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ይኸው ማሽን የቪዲዮ አቀናባሪው፣ የአርክቴክቱና የአኒሜሽን ባለሙያው ማሽን ነው። ነገ በአማርኛ፣ በስዋሂሊ ወይም በሶማሊኛ ጨዋታ የሚሠራልን ወጣትም ዛሬ የሚለማመደው በዚሁ ነው።

በአዲስ አበባ በመርካቶና በቦሌ፣ በናይሮቢ በሞይ አቬኑና በሉቱሊ ጎዳና የተደረደሩትን ሱቆች የተመለከተ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል። ጎኑ መስታወት የሆነ ሣጥን፣ በውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጩ ማራገቢያዎች፣ ከፊቱም የተለጠፈ ወረቀት፦ «ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ፣ 600 ዋት»። ከሥሩ ዋጋው። አራቱም ቃላት ሐሰት ላይሆኑ ይችላሉ። ሆኖም አንዳቸውም ስለ ዕቃው የሚረባ ነገር አይነግሩንም። ተራ በተራ እንመርምራቸው።

«ኮር አይ 7» የሚለው ስም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያው ስም የወጡት የፕሮሰሰር ትውልዶች ከ10 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 አራት ኮር አለው። በ2022 የወጣው አይ 5-12400 ግን ስድስት ኮር ሲኖረው እያንዳንዱም ኮር ከአሮጌው እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ «7 ከ5 ይበልጣል» የሚለው የአንደኛ ክፍል ሒሳብ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ወሳኙ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፣ ወረቀቱ የዘለለውም እርሱን ነው። ጉዳቱ ደግሞ በፍጥነት ብቻ አያበቃም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ቫሎራንትን የመሰለ ጨዋታም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ካላገኘ አይከፈትም። እንግዲህ ልጁ «አይ 7 አለኝ» እያለ ጓደኞቹ የሚጫወቱትን ጨዋታ መክፈት ይሳነዋል ማለት ነው።

«8 ጊጋ ግራፊክስ» የሚለውስ? ይህ ቁጥር የሚነግረን የግራፊክስ ካርዱን ማኅደር ስፋት ብቻ ነው። የጎተራው ስፋት የበሬውን ጉልበት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አርኤክስ 580ም፣ በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060ም 8 ጊጋባይት ይዘው ተሸጠዋል፤ በመካከላቸው ግን የስድስት ዓመት ዕድሜና ሰፊ የኃይል ልዩነት አለ። ስሙ ሙሉ ቢጻፍ እንኳ ጥንቃቄ ያሻል። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይትና ባለ 6 ጊጋባይት ሆኖ ሲወጣ የተለያየው ማኅደሩ ብቻ አልነበረም፤ የአንዱ የማስሊያ ኮር 1152፣ የሌላው 1280 ነበር። በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 2560 ኮር ሲኖረው፣ በ2024 በዚያው ስም የመጣው ባለ 6 ጊጋባይት ታናሽ ወንድሙ ያለው 2304 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ሁለት ካርዶችን አርቲኤክስ 4080 በሚል አንድ ስም አስተዋወቀ። አንዱ ባለ 16፣ ሌላው ባለ 12 ጊጋባይት ነበር፤ በውስጣቸው ያለው ቺፕ ግን የተለያየ ነበር። ገዥዎችና ጋዜጠኞች ጮኹ። በቀጣዩ ወር ኩባንያው ባለ 12ቱን ከሽያጭ በፊት አነሣው። በጃንዋሪ 2023 አርቲኤክስ 4070 ቲአይ በሚል ስም ሲመለስ፣ አስቀድሞ 899 ዶላር የተባለው ዋጋ 799 ሆኖ ተገኘ። ዕቃው ያው፣ ስሙ ሌላ፣ ልዩነቱ 100 ዶላር! «ስም ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ሁሉ መልሱ ይህ ነው። ኃያል ኩባንያ በገዥ ጩኸት ስሙን ካስተካከለ፣ የሠፈራችን ነጋዴ የማያስተካክልበት ምን ምክንያት አለ?

ከዚህ የባሰም አለ። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲለውጥ፣ እርሱን ለማምረት ቀንና ሌሊት ሲነዱ የኖሩ እጅግ ብዙ ካርዶች ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ጎረፉ። ያረጀ ቺፕ የያዘ ካርድ በውስጡ የተጻፈው መለያ ተለውጦ በአዲስ ሞዴል ስም የሚሸጥበት ማጭበርበርም በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዜድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በሱቁ ውስጥ ከፍቶ ማየት ብዙውን ጊዜ ይህን ያጋልጣል፤ የሚፈጀውም አምስት ደቂቃ ነው። «16 ጊጋ ራም» ሲባልም አንድ ባለ 16 ነው ወይስ ሁለት ባለ 8? ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃው በሁለት መንገድ ስለሚተላለፍ፣ በብዙ ጨዋታዎች ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ወደ «600 ዋት» እንምጣ፤ የጽሑፌ ርእስም ከዚህ የመጣ ነው። የኮምፒዩተሩ ኃይል አከፋፋይ፣ ማለትም ፓወር ሳፕላዩ፣ ጎኑ ላይ ሠንጠረዥ ተለጥፎበታል። ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን የሚመግበው የ12 ቮልቱ መሥመር ነው። በዚያ መሥመር ላይ የተጻፈው 25 አምፔር ከሆነ፣ 12 ጊዜ 25 ማለት 300 ዋት ነው፤ ከሣጥኑ ውጭ በትልቁ የተጻፈው 600 ጌጥ ነው። አሁን ደምሩ፦ አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት፣ አይ 5-12400 በሙሉ ጉልበቱ እስከ 117 ዋት፣ በድምሩ 287። ለማራገቢያው፣ ለማዘርቦርዱና ለዲስኩ የተረፈው 13 ዋት ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሲመለስም ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ እንዲህ ያለውን ዕቃ መሸጥ ከስሕተት ያለፈ ነገር ነው። ፓወር ሳፕላይ ሲቃጠል ብቻውን ላይቃጠል ይችላልና።

ሌላም ልማድ አለ። ከውጭ ቢሮዎች የተወገደ፣ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የተሠራ ኮምፒዩተር ይመጣል፤ አነስተኛ ግራፊክስ ካርድና መብራት ይጨመርለታል፤ ከዚያም «ጌሚንግ» ተብሎ ይጠመቃል። ዕቃው በራሱ ነውር የለበትም፤ በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ለብዙ ተማሪ ባለውለታ ነው። ነውሩ መደበቁ ላይ ነው። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ለአምራቹ ብቻ የተለየ የኃይል መሰኪያ ስላላቸው፣ ነገ የተሻለ ካርድ ልጨምር ቢባል ፓወር ሳፕላዩን በሌላ መለወጥ አይቻልም። ያኔ ገዥው ከማዘርቦርዱ በሚገኘው 75 ዋት ለሚነዱ ትናንሽ ካርዶች ታስሮ ይቀራል።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ። የመጀመሪያዎቹ «ተገጣጥሞ የሚሸጥ የሚገዛ ሰው ሰነፍ ነው፤ ራሱ ለምን አይገጥምም?» የሚሉት ናቸው። ይህ ትዕቢት ነው። ጫማ የሚገዛ ሰው ቆዳ እንዲያለፋ አይጠየቅም። በዚያ ላይ ክፍሎቹን አንድ በአንድ የሚሰበስብ ሰው አንዱ ከሌላው ጋር ባይስማማ የሚጠይቀው የለውም፤ ተገጣጥሞ የገዛው ግን አንድ ሻጭ አለው። ይህ ጥቅም ግን እውን የሚሆነው ሻጩ ምን እንደሸጠ ተጽፎ ሲገኝ ነው።

ሁለተኛዎቹ «ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ዝርዝር ጻፍልኝ ማለት ማዋረድ ነው» ይላሉ። መተማመን በባህላችን ክቡር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያው ባህል «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይለናል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ሻጩ ጎረቤቱ ቢሆንም አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ቅቤ የምትገዛ እናትም ደንበኛዋን እያመሰገነች ታሸታለች፣ ትቀምሳለች። ማንም ተሰደብሁ አላለም። ሐቀኛው ነጋዴ ከዝርዝሩ የሚያጣው የለም፤ እንዲያውም ደኅና ፓወር ሳፕላይ በመግጠሙ ዋጋው ለምን ከጎረቤቱ ከፍ እንዳለ የሚያስረዳለት ያው ወረቀት ነው። ዝርዝር በሌለበት ገበያ የሚቀጣው እርሱ ነው።

ሦስተኛዎቹ ራሳቸው ነጋዴዎች ናቸው፦ «ከዱባይ ታሽጎ ነው የመጣልኝ፤ ማሸጊያው ከተቀደደ ዋስትና የለም» ይላሉ። ውስጡን ያላየ ሰው ስለ ውስጡ ዋስ እሆናለሁ ማለቱ ራሱ አስገራሚ ነው። ሣጥኑን በገዥው ፊት ይክፈተው፤ የሚያስፈልገው አንድ ጠመንጃ መፍቻ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ያደርገዋል። የኬንያም የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 ሸማቹ ከዕቃው ሙሉ ጥቅም ለማግኘት የሚያስፈልገውን መረጃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ሙያዬ ትርጉም ነውና አንድ ቃል በውል ውስጥ ምን እንደሚመዝን በየቀኑ አያለሁ። «ከውሉ ጋር የተስማማ» ለመባል መጀመሪያ ውሉ ነገሩን መሰየም አለበት። ደረሰኙ «ጌሚንግ ፒሲ፣ ብዛት 1» ብቻ የሚል ከሆነ ዳኛው የቱን ከየቱ ጋር ያስተያያል? መብራት የሚበራ ማንኛውም ሣጥን ከዚህ ውል ጋር ይስማማል።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዛሬ እንዲህ ያለ ማሽን የሚገዛው ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ደመወዝ አይደለም፤ የአባት ቁጠባ፣ የእናት ዕቁብ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት የላከችው ተጨምሮበት ነው። ይህን ገንዘብ በአራት ቃላት ወረቀት መቀበል ድፍረት ነው።

ስለዚህ ገዥ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመቁጠርህ በፊት ስድስት ነገሮች በደረሰኙ ላይ ይጻፉልህ፦ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፤ የግራፊክስ ካርዱ ሞዴል፣ ማኅደሩና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፤ የማዘርቦርዱ ሞዴል፤ የራሙ ዓይነትና የቁራጮቹ ብዛት፤ የዲስኩ ሞዴልና መጠን፤ የፓወር ሳፕላዩ አምራች፣ ሞዴልና የ12 ቮልት አምፔር። ከሥራቸው የዋስትናው ዘመንና የሻጩ ፊርማ ይከተል። ከዚያ ማሽኑ ተከፍቶ ከጽሑፉ ጋር ይመሳከር፣ አንድ ከባድ ጨዋታም ለግማሽ ሰዓት ይሂድበት። «ይህን አንጽፍም» ያለህን ሻጭ አትጣላው፣ አትስደበው። አመስግነህ ውጣና ወደሚቀጥለው ሱቅ ግባ። አሥር ገዥ እንዲህ አድርጎ የወጣበት ሱቅ በአሥራ አንደኛው ጊዜ እስክሪብቶ ማንሣቱ አይቀርም።