የአረጋውያን ዓይን፣ የእጅ ስልክና የገበያ ቀን

ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት በበትር ጫፍ በልጅ ልጃቸው ሲመሩ ማየት ለደቡብ ኦሞ ገጠር እንግዳ አይደለም። መሪው ልጅ ከትምህርትም ከጥጃ ጥበቃም ይቀራል፤ የአንድ ሰው ዓይን ሲጠፋ የሁለት ሰው ሥራ ይቆማል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 1.6 ያህሉ ሕዝብ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ለግማሹ ምክንያቱም የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ የቆየ ቢሆንም የበሽታው ጠባይ ያው ነው። ሞራው በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ በጠብታም በቅጠልም አይለቅም። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ የሚተካው ቀዶ ሕክምና ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ታማሚውን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ለዚህ ጎረቤታችን ኬንያ መልካም ልምድ አላት። በናኩሩ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው «ፒክ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ በአራት አቅጣጫ የሚዞር ምልክት ያሳያል። ተመርማሪው ምልክቱ የዞረበትን አቅጣጫ በእጁ ይጠቁማል፤ መርማሪው ጣቱን ወደዚያው ያንሸራትታል። ውጤቱ ከተለመደው የግድግዳ ሰሌዳ ምርመራ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ፊደል መቁጠር አይጠይቅም፤ ባለሙያዋ ሐመርኛ ወይም ዳሰነችኛ ባትችልም በምልክት ያግባባል። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት በእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤተሰብን በታብሌት የሚመዘግቡበት ሥርዓትም ኔትወርክ በሌለበት መረጃ ይዞ ሲገኝ እንዲልክ ሆኖ የተሠራ ነው። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ በእናቶች፣ በሕፃናትና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር፤ ተገቢም ነበር። አሁን ግን በዚያው መዝገብ ያሉት አያቶች ዓይናቸው ሊጠየቅ ይገባል። በእርግጥ ቅጹ ዕድሜ በዓመት ይጠይቃል፤ አዛውንቱ ደግሞ ዕድሜያቸውን በእኩዮቻቸው ወይም በድርቅ ዘመን ይቆጥራሉ። «ሰው ለይተው ያያሉን?» የሚለው ጥያቄ ከትውልድ ዘመን ይቀድማል።

ሆኖም ስልኩ ለይቶ የቀዶ ሕክምና ቀን ካልተቆረጠ ትርፉ የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ከኦሞራቴ ጂንካ ለሚመጣ አረጋዊ መጓጓዣ፣ የአስታማሚ ማደሪያና ስንቅ ያስፈልጋል።

በግብርና ኮሌጅ የተማርነው አንድ ነገር ነበር፦ ለክትባት ከብቱ ከተማ አይጠራም፤ ባለሙያው ውኃ ወደሚጠጣበት ይወርዳል። ለአያቶቻችን ከዚህ ያነሰ ማድረግ ያሳፍራል። የዓይን ምርመራው በቀይ አፈር ሐሙስ፣ በዲመካ ቅዳሜ፣ በቱርሚ ሰኞ ገበያ ሊጀመር ይችላል፤ ሰዉ በእነዚህ ቀናት ራሱ ይመጣልና።