የዕፅዋት ትምህርት ከደጃፍ ይጀመር

በሐዋሳ ከተማ፣ ፒያሳ እየተባለ በሚጠራው ሰፈር፣ ከመንገዱ ዳር ከቆሙት ዛፎች ወደ አንዱ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግንዱ የሚነግረው ብዙ ነገር አለ። አንድ ጊዜ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሎበት የነበረ የዛገ ምስማር፣ የሸራ ማሰሪያ ሆኖ የቀረና ልጡን ሰርስሮ የገባ ሽቦ፣ እስከ ግንዱ ድረስ የተለሰነ ሲሚንቶ ያያል። ይህ ሁሉ እየደረሰበት ዛፉ ጥላውን ለሊስትሮው፣ ለጋዜጣ አዟሪው፣ ለባጃጅ ነጂውና ለመንገደኛው ያለ አድልዎ ይሰጣል።

የዚህ ጉዳት ምንጭ ክፋት ነው ለማለት አያስደፍርም። ምስማሩን የመታው ሰው ምናልባት በትምህርት ቤት ስለ ሥር፣ ስለ ግንድና ስለ ቅጠል ተምሮ፣ ፈተናውንም አልፎ ይሆናል። ጉድለቱ የተማረው ነገር ከደብተሩ ወጥቶ ከዛፉ ጋር አለመገናኘቱ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፤ የዕፅዋት ትምህርት መጀመር ያለበት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚሣል የባቄላ ሥዕል ሳይሆን በተማሪው ደጃፍ ከሚገኘው ሕያው ተክል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህርነት ሳለ፣ አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቹን ከመንገድ ዳር ወደሚገኝ ዛፍ ወሰዳቸው። በደረት ቁመት ላይ የተመታ ምስማር አሳያቸውና፣ «ይህ ዛፍ ከዓመታት በኋላ አሁን ካለው ቁመት እጥፍ ቢረዝም ምስማሩ የት ይገኛል?» ሲል ጠየቃቸው። ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም፣ «ከዛፉ ጋር ወደ ላይ ይወጣል» ብለው መለሱ። እነዚሁ ተማሪዎች ከሳምንት በፊት የግንድን ክፍሎች አንድ በአንድ በቃላቸው ዘርዝረው ጥሩ ማርክ አግኝተው ነበር።

ትክክለኛው መልስ ምስማሩ ከነበረበት ከፍታ ንቅንቅ አይልም የሚለው ነው። ዛፍ የሚረዝመው በቅርንጫፎቹና በሥሮቹ ጫፎች ነው። ግንዱ ግን ወደ ጎን ይወፍራል። ይህንንም የሚያከናውነው ከልጡ ሥር የሚገኘው ካምቢየም የተባለው ስስ ሽፋን ሲሆን፣ እርሱም ወደ ውስጥ እንጨትን፣ ወደ ውጭ ልጥን ይሠራል። ውሃና በውሃ የሟሙ ማዕድናት ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጡት በእንጨቱ በኩል ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኀይል የሚያዘጋጀው ስኳር ደግሞ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነው።

ይህን የተረዳ ሰው አንድ ቀጭን ሽቦ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ግንዱ ሲወፍር ሽቦው አብሮ አይሰፋም፤ ልጡን እያነቀ የምግቡን መንገድ ይዘጋል። ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ዕጣም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሥሩ ይራባል፤ ቅጠሉ ግን በእንጨቱ በኩል የሚመጣው ውሃ ወዲያው ስለማይቋረጥበት ለጊዜው እንደ ለመለመ ይቆያል። ዛፉ ውሎ አድሮ ሲደርቅ ግን አንዱ «ፀሐይ በላው»፣ ሌላው «አርጅቶ ነው» ይላል። ሽቦውን ያሰረው እጅ በዚያን ጊዜ ተረስቷል። ሲሚንቶውም እንደዚሁ ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ አየርና ውሃ የሚያገኘውም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባሉ ክፍተቶች ነው። ውሃ ሳቢዎቹ ቀጫጭን ሥሮች አብዛኛዎቹ ከመሬቱ ገጽ ብዙ ሳይርቁ ወደ ዙሪያው ስለሚዘረጉ፣ አፈሩን እስከ ግንዱ መለሰን ዛፉን አፍኖ እንደ መያዝ ይቆጠራል።

ስለ ዕፅዋት መራባትም ቢሆን ከሐዋሳ የተሻለ የመማሪያ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። ተማሪው ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ቢወርድ፣ ጉሬዛና አባ ኮዳ የሚያርፉባቸውን ትልልቅ ዛፎች ያገኛል። ከእነዚህ መካከል የሾላ ዛፍ ይገኛል። ሾላ ሳያብብ ያፈራል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬ የምንለው ራሱ በውስጡ እጅግ ጥቃቅን አበቦችን የያዘ ከረጢት ነው። ከአፉ ባለች ጠባብ ቀዳዳ አንዲት ትንሽ ተርብ ከሌላ ዛፍ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ይዛ ትገባለች፤ እንቁላሏን ስትጥል አበቦቹን ታዳብራለች። ሾላ በጥንት ዘመን ወደ ግብፅ ሲወሰድ ተርቧ አብራ ስላልሄደች፣ በዚያ አገር ዛፉ ዘር ሊያፈራ አልቻለም፤ የግብፅ ገበሬዎች ሲያራቡት የኖሩት ቅርንጫፉን እየቆረጡ በመትከል ነው። ዛፉን አውቃለሁ የሚል ሰው ተርቧንም ማወቅ እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሲዳማ ገበሬ ጓሮ የዘለቀ ተማሪ ደግሞ ከእንሰት ሌላ ትምህርት ይቀስማል። ከሩቅ ሲታይ ግንድ የሚመስለው የእንሰት ክፍል በእርግጥ ግንድ አይደለም፤ እርስ በርስ ተደራርበው የቆሙ የቅጠሎች እግር ነው። እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ያለው አሚቾ ነው። እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን ከሰጠ በኋላም ይሞታል። ገበሬው ግን ዘሩን አይጠብቅም። አሚቾውን ቆርጦ መካከለኛውን እምቡጥ አውጥቶ ይጥልና ይቀብረዋል፤ ከዚያም ከዙሪያው ብዙ ቡቃያ ይወጣል። እያንዳንዱ ቡቃያ የእናቱ ትክክለኛ ግልባጭ ነው።

ይህ ዘዴ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥሩ ዝርያ ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። በአንጻሩ እናቲቱን የሚጥል በሽታ ልጆቿንም እንደዚሁ ይጥላል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የእንሰትን አጠውልግ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ገለጡ። ይህ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የታመመ እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ ነው። ቢላዋን በእሳት ለብልቦ ማጽዳት የገበሬውን ጓሮ ሊያድን ይችላል። ሚሊዮኖች ቆጮና ቡላ የሚመገቡበትን ተክል አወቃቀር ማወቅ እንግዲህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ወገኖች አሉ። አንዳንድ መምህራን፣ «የክፍለ ጊዜው አጭር፣ የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፤ ተማሪ ወደ መንገድ ይዘን ብንወጣ ሥነ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ፈተናውም የሚወጣው ከመጽሐፉ ነው» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሚጠየቀው በየሳምንቱ ሽርሽር መውጣት አይደለም። በአንድ መንፈቀ ዓመት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሳይወጡም ቢሆን፣ በአንድ ዛፍ ሥር መቆም ይበቃል። በዐይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን የተማረ ልጅ የመጽሐፉንም ጥያቄ በተሻለ ሁኔታ ይመልሳል።

ነጋዴዎችም በበኩላቸው፣ «ሰሌዳችንን የት እንስቀል? ደጃችን ጭቃ እንዳይሆንስ ምን እናድርግ?» ይሉ ይሆናል። ለዚህም መፍትሔ አይጠፋም። ሰሌዳ በራሱ ቋሚ ላይ ሊቆም ይችላል። በግንዱ ዙሪያም አፈሩ ሳይለሰን ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ ቢተውለት፣ ዛፉ ይተነፍሳል፤ ደጁም ጥላ አያጣም። በቀትር ፀሐይ ደንበኛ ከደጃፍ የሚቆመው ከሰሌዳው ይልቅ ከጥላው የተነሣ መሆኑን ነጋዴው ራሱ ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በመንግሥት ተገልጾ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ተማሪዎች ለተከላ ይወጣሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ችግኙን ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው ሥሩን አስሮ ይተክላል። ሥሩን አጣጥፎ በጠባብ ጉድጓድ የሚያስገባም ተከልሁ ብሎ ይመለስ እንጂ ተክሉን አላጸደቀም። ለተከላ የሚወጣ ተማሪ አካፋ ከመያዙ በፊት ሥር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ በደጃችን ያለውን ዛፍ ሳናየው እናልፋለን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረችው ሐዋሳ ዛሬ በስፋትም በሕዝብም አድጋለች፤ ወደፊትም ታድጋለች። ሕንፃ ግን ገንዘብ ካለ በሁለትና በሦስት ዓመት ይቆማል፤ የአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ በገንዘብ ተገዝቶ በሦስት ዓመት አይገኝም። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ወደ ዛፉ ይውሰደው፤ ተማሪውም የተማረውን ለወላጁና ለጎረቤቱ ያስተምር። በፒያሳ ዛፎች ላይ የሚመታው ምስማር የሚቆመው ከደንብና ከቅጣት አስቀድሞ፣ መዶሻውን ያነሣው ሰው ከልጡ ሥር ሕይወት እንደሚፈስ ሲያውቅ ነው።

መልመጃ

1. የጸሐፊው ዋና አቋም በየትኛው አንቀጽ ተገልጿል? በራሳችሁ አነጋገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ለጊዜው ለምልሞ የሚቆየው ለምንድን ነው?
3. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን አሳብ ያቀረበው ለምን ይመስላችኋል? መልሱስ አርክቷችኋል? ምክንያታችሁን ግለጡ።
4. በትምህርት ቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚገኝ አንድ ተክል መርጣችሁ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ቅጠሉንና አበባውን ከተመለከታችሁ በኋላ፣ ለተክሉ ሊደረግለት ስለሚገባው ጥንቃቄ አስተያየታችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።