የደገኛውን ሰንጢ ከወንበዴው ጩቤ እንለይ

ከመንዝ እስከ ግሼና መርሐቤቴ በተዘረጋው ደጋ አንድ ገበሬ ወይም እረኛ በኪሱ ሰንጢ ቢገኝ ስለ ጠባዩ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ምራን ሲበጠስበት ጠፍር የሚቀድደው፣ የአህያ ጭነት ሲፈታ ገመድ የሚቆርጠው፣ ለበዓል የታረደውን በግ የሚገፍፈው፣ እረኛም ከሆነ ሸምበቆ ቀርጾ ዋሽንት የሚያበጀው በዚያችው ሰንጢ ነው። ይኸው ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ ግን መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሌላ ስም ያገኛል። በፍተሻ ላይ «ስለት» ይባላል፤ ይወሰድበታል፤ ባለቤቱም እንደ ጠብ ፈላጊ ይታያል። ስለት ሊገባበት የማይገባ ቦታና ሰዓት መኖሩን አልክድም። የምቃወመው ቦታውን፣ ሰዓቱንና የስለቱን ዓይነት ሳይለዩ ሰውየውን መጠርጠሩን ነው።

ይህን መለየት ከውጭ አገር መማር አያሻንም፤ መንዝ ራሱ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሲጠበቅ እንደኖረ ይታወቃል። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ማጭድ ነበረው፤ እያንዳንዱም ማጭድ ለሣሩ አደጋ ነበር። አባቶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ማጭድ መሰብሰብ አልነበረም። ቦታውን አንዳንድ ጊዜ ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ መቼ እንደሚከፈትና ማን እንደሚያጭድ ያውጃሉ፤ ደንቡን የጣሰውን ይቀጣሉ። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማግስት ቢፈርስም ሣሩም ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ለእኛ የደረሱት በእርሱ ነው። ማጭዱ ከጎጆው ምሰሶ እንደተሰካ፣ ጓሳው ተጠብቆ ኖረ። ብረቱን ትተው አጠቃቀሙን የገዙ ሰዎች ልጆች ሆነን ሳለ ዛሬ ብረቱን ብቻ ማሳደዳችን ያሳዝነኛል።

«ሰው በሰንጢ እየተወጋ ምን ትላለህ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሠርግና በንግሥ ማግስት፣ አረቄ በበዛበት ቤት፣ በከተማ ጨለማ መንገድ በስለት የጠፋ ሕይወት አለ፤ ልጁን በዚህ ያጣ ወላጅ ፊት ስለ ሰንጢ ጥቅም መናገር ይከብዳል። ሆኖም የእነዚህን ጠቦች አነሳስ ልብ ብሎ ለሚያይ፣ መሠረታቸው መጠጥ፣ የቆየ ቂምና ዝርፊያ ነው። ሰንጢ የሌለው ሽመል ያነሳል፤ ሽመል ያጣ ድንጋይ ይወረውራል። ሽመል ስንት ራስ እንደፈነከተ እያወቅን ለጥምቀት ይዞት የሚወጣውን ጎልማሳ ወንጀለኛ አንለውም። እርግጥ ስለት ከዱላ ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል፤ በዚህ ተቃዋሚዬ ልክ ነው። ስለዚህም ንግሥ፣ ስታዲየም፣ መጠጥ ቤትና ትምህርት ቤት ሰንጢ እንዳይገባ መከልከሉን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ሁለት አፍ ያለውና ለመውጋት ብቻ የተሠራው ጩቤም ለገበሬ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ ጥብቅና አልቆምለትም። ነገር ግን ገበያ የመጣን ገበሬ አንድ አፍ ያላትን፣ የምትታጠፈዋን ሰንጢ መንጠቅ የሰከረውን ወጣት ከጠብ አያስጥለውም።

ሕጋችንም ቢሆን ወደዚህ ያዘነብላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን ሲደነግግ፣ ጉዳቱ የደረሰው በገዳይ መሣሪያ ወይም ለመጉዳት በሚችል ሌላ ማናቸውም መሣሪያ እንደሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል። ሚዛኑ ያረፈው በድርጊቱ ላይ ነው። ጠመንጃ እንኳ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ይያዛል። ባለጠመንጃው ፈቃዱን አሳይቶ ሲያልፍ የባለሰንጢው ዕጣ በፈታሹ የዕለት ስሜት መወሰኑ ፍትሕ አይመስለኝም። የስለት ጥቃት ያስመረራት እንግሊዝ እንኳ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ስለቷ ከ3 ኢንች ያልበለጠች ታጣፊ ሰንጢን ከክልከላው ነጻ አድርጋለች፤ ከዚያ የሚበልጠውን የያዘም ለሥራው፣ ለሃይማኖቱ ወይም ለባህል ልብሱ መሆኑን ካስረዳ አይቀጣም። ሦስት ኢንች ከአመልካች ጣት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለ አንድ ግልጽ መስመር ለፈታሹም ለተፈታሹም እፎይታ ነው። መስመሩ ሲኖር ፈታሹ ልኬቱን ያያል፤ በዓል ቦታ ከሆነም ሰንጢውን ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጥና ባለቤቱ ሲመለስ ያስረክበዋል።

ስለትን መፍራቱ ሌላም ነገር ያጠፋል፤ እርሱም የሠሪው ሙያ ነው። የአገራችን ቀጥቃጭ በወናፍ፣ በመዶሻና በጉጠት፣ ብዙ ጊዜም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ ማረሻውንም ማጭዱንም ካራውንም ሲሠራ ኖሯል። የከፈልነው ግን «ቡዳ» እና «ጠይብ» በሚል ስድብ ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ ማውጣት ግድ ሆኖባቸው ነበር። ዛሬ ስድቡ ላይ ርካሹ የቻይና ሰንጢ ተደርቦበታል፤ በዚያ ላይ ስለትን ሁሉ የወንጀል ዕቃ ካደረግን የቀጥቃጩ ልጅ መዶሻውን የሚያነሳበት ምክንያት አይኖረውም። ጃፓን ይህን አይታለች። በ1960 እ.ኤ.አ. አሳኑማ የተባሉት የፖለቲካ መሪ በሕዝብ ፊት በአጭር ሰይፍ ከተገደሉ በኋላ ልጆች ቢላ እንዳይዙ ትልቅ ዘመቻ ተነሣ፤ ተማሪ ሁሉ እርሳስ ይቀርጽበት የነበረው ሂጎኖካሚ የተባለው ታጣፊ ቢላ ከኪስ ወጣ። የሚኪ ከተማ አንጥረኞችም አንድ በአንድ ሥራውን ትተው በመጨረሻ አንድ ቤት ብቻ ቀረ። እኛ የመኳንንቱን ጎራዴና ጋሻ በሙዚየም ስናኖር የባላገሩን ካራ ግን ዝጎ እንዲጣል ተውነው። በመሐል ሜዳ፣ በዘመሮ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ያሉ የባህል ጽሕፈት ቤቶች ይህን ለማቃናት ትልቅ በጀት አይሹም። የቀንድና የወይራ እጀታ ያላቸውን አሮጌ ካራዎችና ሰንጢዎች ከነአፎታቸው ከየቤቱ በግዢ ወይም በስጦታ ይሰብስቡ፤ ከእያንዳንዱ ስለት ጎንም የሠሪውን ስም፣ የቀጠቀጠበትን መንደርና ሙያውን ከማን እንደተማረ ይጻፉ። ይህን የሚያስታውሱት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸውና ሥራው ዘንድሮ ቢጀመር መልካም ነው።