የጓሮው ጉድጓድ የማን ዕዳ ነው?

ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ ርእሰ አንቀጽ ይጻፋል ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ትልልቅ ነገር መነጋገር ለምደናል። ነገር ግን መንግሥት የራሱን ግዴታ በድኻ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ፣ ካሳረፈም በኋላ ለምን አልተሸከምክም ብሎ እንዴት እንደሚከሰው ለማየት ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘንም። ምሳሌው ያለው በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ ላውንድስ በሚባለው አውራጃ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ላውንድስ በሴልማና በሞንትጎመሪ ከተሞች መካከል የሚገኝ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያለበት የገጠር አውራጃ ነው። በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ የመሩት የምርጫ መብት ሰልፍ አብዛኛውን መንገዱን የተጓዘው በዚሁ አውራጃ ውስጥ ነበር። የዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከነዋሪው አብላጫው ጥቁር ሆኖ ሳለ በመራጭነት የተመዘገበ ጥቁር አንድም አልነበረም። ደፍረው የተመዘገቡትን ጭሰኞች ባለ መሬቶቹ ከይዞታቸው ስላባረሯቸው በአውራ ጎዳናው ዳር ድንኳን ተክለው ለመኖር ተገደዱ። በተከታዩ ዓመት ነዋሪዎቹ ከተማሪዎች ማኅበር ጋር ተባብረው ምልክቱ ጥቁር ግሥላ የሆነ የራሳቸውን የፖለቲካ ድርጅት ለምርጫ አቀረቡ። የዚያ ትውልድ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የሚያነሡት ጥያቄ ደግሞ ከቤታችን የሚወጣው ፍሳሽ ተመልሶ በጓሯችን አይተኛ የሚል ነው።

ከተማ ውስጥ ቤቱ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር ይያያዛል፤ ባለቤቱ ወርኃዊ ሒሳቡን ከከፈለ ወዲያ የሚያስበው ነገር የለም። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር ግን እያንዳንዱ የራሱን ሴፕቲክ ታንክ ይቀብራል። ከባዱ ቆሻሻ ከታንኩ ሥር ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከል ላይ የሚቀረው ውሃ በተበሳሱ ቱቦዎች አልፎ ጠጠር በተነጠፈበት ቦይ ውስጥ ይሰራጫል። የቀረውን ሥራ የሚሠራው አፈሩ ነው፤ ውሃውን ቀስ እያለ ይጠጣል፣ ጀርሙንም ያስቀራል። የዘቀጠው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ በመኪና ይመጠጣል። በአሜሪካ አገር ከአምስት ቤት ከአንዱ የሚበልጠው በዚህ ዓይነት ስለሚኖር ዘዴው የሚናቅ አይደለም። አፈሩ ከጠጣ ጥሩ ነው።

የላውንድስ አፈር ግን አይጠጣም። አገሩ «ጥቁር ቀበቶ» ይባላል፤ ስሙን መጀመሪያ ያገኘው ከአፈሩ ጥቁረት ነው፣ ኋላ ግን ጥጥ እንዲያመርቱ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ዘሮች በብዛት ስለሚኖሩበትም ይነገራል። ከላዩ ጭቃ፣ ከሥሩ ጠመኔ መሳይ ድንጋይ ነው። እኛ መረሬ የምንለውን አፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናም ከጠገበ በኋላ አንዲት ጠብታ አያስገባም። በእንዲህ ያለ መሬት ውስጥ የተቀበረ ተራ ታንክ ዝናም በመጣ ቁጥር ይሞላል፤ ፍሳሹም ወይ በግቢው ሣር ላይ ይወጣል፣ ወይ በመታጠቢያው ቀዳዳ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። መሐንዲሶች ለዚህ መላ አላጡም። አሸዋ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ጉብታ መሥራት፣ ውሃውን በፓምፕ ወደ ጉብታው መግፋት ይቻላል። ዋጋው ግን ከ15 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። በአውራጃው ብዙ ሰው የሚኖረው በመኪና ተጎትቶ በሚመጣ ቤት ውስጥ ነው፤ የቤቱ ዋጋ በየዓመቱ እየወደቀ ስለሚሄድ ጉድጓዱ ከቤቱ ይልቅ የሚወደድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ያጣ ሰው ከቤቱ ቱቦ ዘርግቶ ፍሳሹን ወደ ዱሩ ወይም ወደ ቦዩ ይለቀዋል።

የአላባማ ሕግ የሚያውቀው ባለ መሬቱን ብቻ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የግዛቱ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ታንኩን የማስተከሉና የመጠበቁ ግዴታ የባለቤቱ ነው። ለጤና የሚያሰጋ ፍሳሽ በግቢው የተገኘበት ሰው በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ዛቻ አልነበረም፤ በአውራጃው ያደጉት ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ ታንክ ለማስተከል ዐቅም በማጣታቸው የተከሰሱና የታሰሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ዘርዝረዋል። እስቲ ዳኛው ምን ፍርድ ይስጥ? መቀጫ ቢወስንበት ለታንኩ ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ ይወስድበታል፤ ቢያስረው ደግሞ ፍሳሹ እዚያው ጓሮው ውስጥ ይቆየዋል።

የጤናው ነገር እንዳይጋነን እውነቱን እንዳለ እናስቀምጠው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በላውንድስ ከ55 ሰዎች የተወሰደ ሰገራ መርምሮ በ19ኙ ላይ ሁክዎርም የሚባለውን የአንጀት ትል ምልክት አገኘ። ይህ ትል በሮክፌለር ገንዘብ በ1909 በተቋቋመ ኮሚሲዮን ዘመቻ የተደረገበት፣ ከአሜሪካም ጠፋ ሲባል የኖረ ስለ ነበር ዜናው ብዙ ሰው አስደነገጠ። በ2023 የወጣ ሰፋ ያለ የተማሪ ልጆች ምርመራ ግን ትሉን አላገኘም። ይህን አንብበው እንግዲያው ችግር የለም ያሉ አሉ። ልጆች የሰው ዓይነ ምድር በቆመበት ግቢ ውስጥ እንደማይጫወቱ ግን የትኛውም ጥናት አልመሰከረም፤ የትል ቁጥር ካልተቆጠረ ፍሳሹ አይጠረግም የሚል የጤና ትምህርትም እኛ አልተማርንም።

የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2021 መጨረሻ ላይ ጉዳዩን በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት መመርመር ጀመረ። በግንቦት 2023 ከግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ተደረገ፤ መሥሪያ ቤቱ አድልዎ መፈጸሙን አላመነም፣ ነገር ግን ዐቅም ያነሳቸውን ነዋሪዎች በፍሳሽ ምክንያት መክሰሱንና ንብረታቸውን በዕዳ መያዙን ሊያቆም፣ የአውራጃውን ሁኔታ ሊያጠናና የሥራ ዕቅድ ሊያወጣ ቃል ገባ። ይህ ስምምነት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በሚያዝያ 2025 አዲሱ የዋሽንግቶን አስተዳደር ፕሬዚዳንቱ ስለ ዘርና ስለ እኩልነት ፕሮግራሞች ያወጡትን ትእዛዝ ጠቅሶ አፈረሰው። የጤና መሥሪያ ቤቱ በእጁ ያለው ገንዘብ እስኪያልቅ ድረስ ታንክ ማስተከሉን እንደሚቀጥል ተናገረ። ሁለቱ ወገኖች ስለ ዘር የፈለጉትን ይከራከሩ፤ ጭቃው ግን በክርክሩ የለበትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ተነሥተው፣ እንግዲያው ሕጉ ራሱ ይቅር፣ ሰውን በግቢው ተዉት ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ከአንዱ ግቢ የሚወጣው ፍሳሽ የጎረቤቱን የውሃ ጉድጓድ ያበላሻል። ሚሺጋን እስከ ዛሬ ግዛቱን ሁሉ የሚገዛ አንድ የሴፕቲክ ሕግ የሌላት ብቸኛ ግዛት ናት፤ እያንዳንዱ አካባቢ እንደ ራሱ ይኖራል፣ ሐይቆቿና ወንዞቿም የዚህን ዋጋ ይከፍላሉ። አዮዋ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ ታንኩ አስቀድሞ እንዲመረመር አዘዘች። ገንዘብ እጅ በሚለውጥበት ሰዓት መያዝ ብልኅነት ነው። ነገር ግን ይህ ብልኅነት ላውንድስ ላይ ሲደርስ ይከሽፋል፤ እዚያ ብዙው መሬት አይሸጥም፣ ያለ ኑዛዜ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የወረደ ነው። ባለቤቶቹ ሃያም ሠላሳም ወራሾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግማሾቹ በሰሜን ከተሞች ይኖራሉ። የርስት ክርክር ሰምቶ ያደገ አንባቢ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። በስሙ የጠራ ወረቀት የሌለው ሰው ከባንክ ብድር፣ ከመንግሥትም እርዳታ ለማግኘት ይቸገራል። እንዲህ ሆኖ ሕጉ ለክስ ሲሆን ባለቤት ያደርገዋል፣ ለእርዳታ ሲሆን ግን ባለቤትነትህን አስመስክር ይለዋል። ከነገሩ ሁሉ እኛን ያስቆጣን ይኸኛው ነው።

እኛ የምንለው ታንኩ እንደ መንገድና እንደ መብራት መስመር የሕዝብ ይሁን ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2003 ባወጣው መምሪያ አምስት የአስተዳደር ዓይነቶችን ዘርዝሮ፣ በመጨረሻው ላይ ታንኩን ተክሎ፣ ባለቤትም ሆኖ የሚጠብቀው አንድ ኃላፊ ድርጅት ሆኖ ነዋሪው እንደ ከተሜው ወርኃዊ ሒሳብ ብቻ የሚከፍልበትን መንገድ አስቀምጧል። መምሪያው ግን በፈቃድ የሚሠራበት እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ድርጅቱም የሚመጥጥ መኪና፣ ፓምፕ የሚጠግን ሠራተኛ፣ ሲጀምርም ከፍ ያለ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ተራርቀው ከሰፈሩ ጥቂት ሺህ ድኾች በሚሰበሰብ ሒሳብ ብቻ አይቆምም፤ ከግዛቱ ግምጃ ቤት መደጎም አለበት። ለከተሞች የፍሳሽ መስመር የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ ድጎማ ነው ብሎ የጮኸ አልሰማንም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስድ ይሆናል። የወንጀሉ አንቀጽ ግን ጊዜ አይፈልግም። የ2023ቱ ስምምነት መሥሪያ ቤቱን ከክስ አግዶት ነበር፤ አሁን የሚያግደው የተፈረመ ወረቀት የለም። የአላባማ ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው፣ ታንክ ለማስተከል ዐቅም የሌለው ሰው አይከሰስም የሚል አንድ መስመር በሕጉ ላይ ቢጨምር ከግምጃ ቤቱ የሚወጣ ሳንቲም የለም።