የእማዬን ጓሮ ሊሾ አታድርጉብኝ!

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ነው። አዲስ አበባ ያለነው ልጆቿ በቴሌግራም ተሰብስበን (የዘመኑ የቤተሰብ ሸንጎ እሱ አይደል?) ቢቸና ላለችው እናታችን «አንድ ቁም ነገር ያለው ስጦታ» እንስጣት ተባባልን። ታላቅ ወንድማችን ሐሳብ አመጣ። ግቢዋ በክረምት ይጨቀያል፤ ስለዚህ ከዋናው በር እስከ ጓዳው ጀርባ ሊሾ እናስደርግላት አለ። ወዲያው የአውራ ጣት፣ የልብና የጭብጨባ ዓይነት ዘነበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ገንዘቡ ተዋጣ፣ ሲሚንቶው ተሰላ፣ ግንበኛም ተጠየቀ። ያልተጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ የግቢው ባለቤት።

ደወልንላት። ዝም ብላ ሰምታ ስትጨርስ «ምነው ልጆቼ፣ እኔንም እዚያው ቅበሩኝና ከላይ ሊሾ አድርጉታ!» አለችን። ስልኩ ላይ የነበርነው ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ለምን ትሳቅ? እኛ «ከዋናው በር እስከ ጓዳው ጀርባ» ያልነው እኮ ባዶ መሬት አይደለም። ጎመን አለበት። ነጭ ሽንኩርት አለበት። ጥግ ጥጉን ጌሾ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ይዘውታል፤ አጥሩ ላይ ዱባ ተንጠላጥሏል። እማዬ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መጀመሪያ የምትጎበኘው እሱን ነው። እኛ «ጭቃ» ያልነውን ነው እሷ «ጓሮዬ» የምትለው።

የቤታችንን ገመና አደባባይ ያወጣሁት ወድጄ አይደለም። የኛ ቤት ብቻ ጉድ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። እስቲ የየራሳችሁን እናት ቡፌ በዓይነ ኅሊናችሁ ክፈቱት። አራት ፔርሙስ አለ አይደል? ከነካርቶኑ የተቀመጠ የስኒ ስብስብ፣ ከነላስቲኩ የታጠፈ ብርድ ልብስስ? ከሁሉ ከሁሉ እኔን የሚያሳቅቀኝ ደግሞ የፕላስቲክ አበባው ነው። ዕድሜ ልኳን እውነተኛ ቅጠል ስታበቅል ለኖረች ሴት ከመርካቶ የፕላስቲክ ቅጠል ገዝቶ መሄድ! ንብ ለሚያረባ ሰው የማር ሥዕል እንደመስጠት ነው እኮ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ሁሉ ዕቃ የገዛነው ለራሳችን ነው። ከመኪና ስናወርደው ጎረቤት እንዲያይልን። «ልጆቿ እኮ!» እንዲባልልን። «ኧረ አታካብድ፣ ዋናው ፍቅሩ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ መልሴ አጭር ነው። ፍቅር ያለው ሰው ይጠይቃል። አትክልት ለሚወድ ሰው ስጦታ መምረጥ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የቀለለ ነበር፤ ምን እንደሚጎድለው ጓሮው ራሱ ቆሞ ይናገራላ!

ሌላም የሚነሳ ክርክር አለ። «እናቶቻችን ደክመዋል፤ ይረፉ። ገበያው ሞልቶ ጎመን መኮትኮት ምን ይሉታል?»

ገበያው ሞልቶ? እንዲህ የሚል ሰው በቅርቡ አገር ቤት አልደወለም። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በገባበት ጦርነት መንገዱ ስንቴ ተዘግቶ ስንቴ ተከፈተ? ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ወደ ቢቸና ታጥፎ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ የሚገባው መኪና ሲቆም በመኪና የሚመጣውም ሁሉ አብሮ ይቆማል። ከጓዳ ጀርባ ያለ ጎመን ግን ኬላ የለበትም። እናቶቻችን ይህን ከኛ ቀድመው ያውቁታል።

ጾሙስ? ረቡዕና ዓርቡን ተዉት፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። የሚውለውም ደረቁ በጋ ላይ ነው። ዝናቡ መስከረም አካባቢ ይወጣል፤ በክረምት ጫማ የሚቀማው የቢቸና ዋልካ መሬት የካቲት ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጎመን በብዛት የሚፈለገው ጎመን በሚደርቅበት ወር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድካሟ የሚመጣው ከጓሮው ሳይሆን ከውሃው ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። «ትረፍ» ካልን ከወገቧ ላይ እሱን እናውርድላት እንጂ ጎመኑን አንንቀልባት!

እሺ፣ ዘርስ ብንወስድላት? ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እሱም ማስተዋል ይፈልጋል። የአጎቴ ልጅ ከሚኒሶታ ሲመጣ ለእማዬ ባለ ሥዕል ፓኬት የሽንኩርት ዘር አምጥቶላት ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ሽንኩርት የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። መደብ አወጣች፣ ፍግ አለበሰች፣ ተሸክማ አጠጣች። ሽንኩርቱ ቅጠል አወጣ... ደግሞ ቅጠል... ደግሞ ቅጠል። ራስ ሳይቋጥር ወራቱ አለቀ። «ዓይን በልቶት ነው» ተባለ። የበላውስ ጂኦግራፊ ነው! ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። ለሰሜኑ ዓለም የተዘጋጁት ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይፈልጋሉ፤ ቢቸና ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። የእማዬ ሽንኩርት ዕድሜውን በሙሉ የማይመጣ ቀን ሲጠብቅ ኖረ።

አገር ውስጥ የሚሸጠውም ቢሆን ዝም ብሎ አይገዛም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጡ ከተሞች ናቸው፤ መልካሳ ላይ የተዋጣለት ቲማቲም እዚያ ብርድ ሊመታው ይችላል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ ሲቀመጥ አልበቅል ይላል። ድንች ከሆነ ያሰባችሁት፣ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት «ጉደኔ» እና «በለጠ» ለደጋ የተመረጡ ናቸው፤ የትኛው ለዚያ ቀበሌ እንደሚሆን ግን የአካባቢውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። መጠየቅ ነጻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የራሷን ዘር አታስጥሏት። እማዬ የጎመን ዘሯን በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጣለች፤ ያንን ዘር ከእናቷ ነው የተቀበለችው። የኛ ፓኬት ድቅል ዘር ከሆነ ከምርቱ መልሳ ብትዘራው እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ እኛን መጠበቅ ይሆናል ዕጣዋ። ሳይንቲስቱ ዶ/ር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የአገራችን ገበሬ ዘር እንዳይጠፋ በመድከማቸው ነው። ዓለም የሸለመበትን ነገር እኛ በስጦታ ስም ከናታችን ጓዳ አናስወጣው።

አሁን ወደ ሞጣ ልውሰዳችሁ። አክስቴ እዚያ ነች፤ እሷም እንደ እህቷ አትክልት ካላየች የማይነጋላት ሴት ነች። ሴት ልጇ ደመወዟ ከሁላችንም ያነሰ ነው። ግን እኛ ያላደረግነውን አደረገች። በእረፍቷ ሄዳ አንድ ሳምንት ዝም ብላ እናቷን አየች። ምን ሰዓት እንደምትነሳ፣ ስንት ጀሪካን እንደምትሸከም፣ የቱ ጋ ቆማ ወገቧን እንደምትይዝ። ከዚያ ለጣሪያው አሸንዳ አስገጠመች፤ ከአሸንዳው ሥር ሁለት በርሜል፣ በዓመቱ ደግሞ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 7 በ6 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 42 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ደህና ዝናብ ሲጥልበት 400 ሊትር ገደማ ይወርዳል፤ ይኸውም 20 ጀሪካን ነው፣ ማንም ሳይሸከመው! ሮቶው በክረምት ሞልቶ፣ በደንብ ተከድኖ እስከ ሁዳዴ ከቆየ በቀን 40 ሊትር ቢቀዳለት 50 ቀን ይዘልቃል። 40 ሊትር 8 ካሬ ሜትር የሚያህል የጎመን መደብ ያጠጣል። ለጾሙ 55 ቀን ለመድረስ የሚጎድለው አምስት ቀን ብቻ ነው። አክስቴ ልጇን ስትመርቅ ምን አለቻት መሰላችሁ? «ወገቤን መለስሽልኝ።» የትኛው ፔርሙስ ነው እንዲህ ያስባለ?

«ሮቶ ውድ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ለዚያም ነው ከአንድ በርሜል የሚጀመረው። ለሱም አቅም ካጣችሁ ባለ ወንፊት አፍ ማርከፍከፊያ ውሰዱ፤ በጣሳ ሲደፋ ችግኝ የሚነቅለውን ውሃ እንደ ካፊያ ያወርደዋል። ዶሮ ጎመኑን ከጨረሰባት ጥቂት ሜትር ሽቦ ውሰዱ። መኮትኮቻዋ ከከበዳት በክንዷ ልክ ቀለል ያለ አሠሩላት እንጂ ሮዝ ጓንት ያለበትን የአሻንጉሊት መሣሪያ አትግዙላት። ሳንቲም ከሌላችሁም እጅ አላችሁ። ፍግ ማውጣት፣ መደብ መቆፈር፣ አጥር መጠገን ስጦታ ነው። በዓል ውለን ሶፋ ላይ ስልክ ስንጎረጉር ዶማው ደጅ ቆሞ ያየናል።

ለወንድሜም አንድ እውነት ልመስክርለት። ጭቃው ያንሸራትታል፤ እማዬ ብትወድቅስ ያለው ነገር ስጋቱ ትክክል ነው። ግን ለእግር የሚበቃው ሁለት ክንድ ስፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ለዚያ ሲባል ጓሮ አይቀበርም። በብዙ ጭቅጭቅ (በቴሌግራም እንዴት እንደሚጨቃጨቁ ታውቃላችሁ) የሊሾው ገንዘብ በመጨረሻ መሄጃ፣ አሸንዳና ሁለት በርሜል ሆነ። ለፎቶ አያምርም። ማንም አልለጠፈውም። ጎመኑ ግን አለ።

እንግዲህ እናንተም ዛሬ ማታ ደውሉ። «ምን ላምጣልሽ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ምንም ልጄ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ» ነው። ይልቅ «እማዬ፣ ጎመኑን በምን ታጠጭዋለሽ?» በሏት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ቸር እንሰንብት።